የጎማ ቆላፊ ዳዶ መፍቻው ሲጠፋ ወይም ሲሰበር፦ ከየትኛው ዘዴ ልጀምር?

ጎንደር ውስጥ ከምናያቸው የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ሌላ አገር ተነድተው የመጡ ናቸው። የዱባዩ ወይም የአውሮፓው የቀድሞ ባለቤት ቸርኬው እንዳይሰረቅበት በየጎማው አንድ አንድ ቆላፊ ዳዶ፣ ማለትም ከራሱ ልዩ መፍቻ በቀር የማይፈታ ዳዶ፣ አስሮበታል። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ያቺ የአውራ ጣት የምታህል መፍቻ የሆነ ቦታ ትቀራለች። መቅረቷን የምናውቀው ጎማ በተነፈሰብን ዕለት ነው።

እኔ ያወቅሁት ከደባርቅ ስመለስ፣ ዳባትን አልፌ አምባ ጊዮርጊስ ልደርስ ስል ነበር። የቪትዜ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታ አለኝ፣ ክሪክ አለኝ፣ ጎማ መፍቻም አለኝ። ሦስቱን ዳዶ ፈታሁ። አራተኛው ክብ ነው፤ ስድስት ማዕዘን የለውም፤ ፊቱ ላይ እንደ አበባ የተጠማዘዘ ቦይ ብቻ አለው። መፍቻዬ ዙሪያውን ይሽከረከራል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። መኪናው ማታ በአይሱዙ ተጭኖ ከተማ ገባ፤ በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያ ያገኘሁት ባለሙያ ብየዳ ይሻላል አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ዳዶው ተፈታ። ቸርኬው ግን የዳዶው መቀመጫ ጠርዝ ቀልጦ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ዳዶ ለመፍታት ብዬ ቸርኬ ገዛሁ።

ያን ቀን በስንት ሌላ መንገድ መሄድ ይቻል እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ዘዴዎቹን ለማነጻጸር የምጠቀምበት መለኪያም ከዚያው የመጣ ነው፦ ይህ ዘዴ ባይሳካ ለሚቀጥለው ዘዴ ምን ይተርፋል? አንዳንዱ ሞክረን ብንተወው ዳዶውን እንደነበረ ይመልስልናል። አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ከተሞከረ የቀሩትን በሮች ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ ከማይጎዳው ጀምሬ ወደሚጎዳው እሄዳለሁ።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ዳዶውን እርሱት

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ጎማውን ለመጠገን ቸርኬውን ማውረድ ግዴታ አይደለም። አብዛኞቹ የቤት መኪና ጎማዎች ከመነዳሪ የሌላቸው ናቸው። ሚስማር ወይም ስለታም ድንጋይ መሬት የሚነካውን ፊት ወግቶት ከሆነ፣ ጎማው መኪናው ላይ እንደታሰረ ሚስማሩ ተነቅሎ ቀዳዳው በሙጫ በተነከረ የላስቲክ ክር ይደፈናል። ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ኤሌክትሪክ የምትወስድ ትንሽ የአየር መሙያ ካለች ከተማ ያደርሳል። የላስቲክ ክሩና መሙያው አንድ ላይ ከአንድ ጫማ ሳጥን አይበልጡም። ጎንደርና መተማ፣ ጎንደርና ደባርቅ እየተመላለሰ መኪናው ላይ ቆላፊ ዳዶ ያለበት ሰው እነዚህን ሳይዝ ባይወጣ እመክራለሁ። ጎማው ጎኑ ላይ ከተቀደደ ግን ክሩ አይረዳም፤ መጫን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከተማ ገብታችሁ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሌሎቹ ጎማዎች ስር ድንጋይ ገብቶ የሚሠራ ነው።

መጀመሪያ ዳዶውን በባትሪ ብርሃን እዩት

ቆላፊ ዳዶ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የትኛው ዘዴ እንደሚሠራ የሚወስነውም የዳዶው አሠራር ነው። አንደኛው ዓይነት ውጭው ወጥ ብረት ነው፤ በጣት ይዛችሁ ብታዞሩት አይንቀሳቀስም። እድለኛ ከሆናችሁ የእናንተ ይህ ነው። ሁለተኛው ውጭው ላይ ለብቻው የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ነው። ቀለበቱ የተሠራው በትክክል ውጭውን ይዞ ለማዞር የሚሞክርን ሰው ለማሸነፍ ነው፤ ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚሰካ ክብ የመፍቻ ራስ) ብትመቱበት ቀለበቱ ብቻ ይዞራል። ሦስተኛው ቸርኬው ላይ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ዙሪያውን ቡሶላ የሚያስገባ ክፍተት የለም።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። የቶዮታ፣ የሱዙኪ፣ የሂዩንዳይ ጎማዎች ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት እምብርት) በሚወጣ ብሎን ላይ በዳዶ ይታሰራሉ። ቮልስዋገንና ፔጆ ላይ ግን ዳዶ የለም፤ ብሎኑ ራሱ ከውጭ ገብቶ ሞዞው ውስጥ ይታሰራል። አሁን በየከተማው የምናያቸው የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪኖችም እንደዚያው ናቸው። ልዩነቱ መሰርሰር ጋ ስንደርስ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

ደግሞ ሦስቱን ደህና ዳዶዎች ቀድማችሁ አትፍቱ። እኔ መንገድ ላይ ያደረግሁት ስህተት ይህ ነበር። ሌሎቹ ሲላሉ የቸርኬው ውጥረት በሙሉ በቆላፊው ላይ ያርፋል፣ ያኔ የባሰ ይጠብቃል። ፈትታችሁ ከሆነ መልሳችሁ በደንብ እሰሯቸው። ከቻላችሁም ማታ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ ለምሳሌ ደብሊው ዲ 40፣ ከዳዶው ስር ነፍታችሁ አሳድሩት። የፍሬን ዲስኩ ላይ እንዳይፈስ ግን ተጠንቀቁ።

መፍቻው ካለ፣ ግን ከተሸረፈ

መፍቻ ሳይጠፋ የሚሰበርበት ዋናው ምክንያት የጎሚስታ ቤት የአየር መፍቻ ነው። ጠጠጠጠ እያለ የሚመታው ጉልበት ለስድስት ማዕዘን ዳዶ እንጂ ለዚህ ቀጭን ቦይ አልተሠራም። ቆላፊ ዳዶ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ራሳቸው በአየር መፍቻ አትንኩት ብለው ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ጎማ ለማስቀየር ስትሄዱ «ወንድሜ፣ ይቺን በእጅ ፍታልኝ» ማለት አትፈሩ። ባለጎሚስታው ሥራውን ማዘግየት እንደማይወድ አውቃለሁ፣ በተለይ የጥምቀት ሰሞን እንግዳው ሲበዛ። እናንተ ግን መፍቻው ሲሰበር የምትቆሙት ብቻችሁን ነው።

የመፍቻው ጥርስ በከፊል ብቻ ከተሸረፈ ገና ተስፋ አለው፤ ከሁሉም ዘዴ አስቀድሜ የምሞክረውም ይህን ነው። የዳዶውን ቦይ በመርፌና በቀጭን ብሩሽ ከጭቃና ከዝገት አጽዱ፤ ውስጡ የተሰበረ ስባሪ ካለ በማግኔት ይወጣል። መፍቻውን አስገብታችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው አስቀምጡት። ከዚያ አንድ ሰው መፍቻውን ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ እየገፋ ይይዛል፣ ሌላው በረጅም እጀታ፣ ካስፈለገም ቱቦ አስረዝሞ፣ በዝግታ ይጫናል። መሳብም መርገጥም የለም፤ እየጨመረ የሚሄድ አንድ ወጥ ጉልበት ብቻ። «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ተላቀቀ ማለት ነው። መፍቻው ወደ ጎን ካዘነበለ ወዲያው አቁሙ፤ ያዘነበለ መፍቻ የቀረውን ቦይ በልቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ አንዱ ዳዶ ከተፈታ እዚያው ሳላችሁ አራቱንም ጎማ ዞራችሁ ፍቱ። ያ መፍቻ ለሌላ ቀን አይደርስም።

አዲስ መፍቻ ማስመጣት ወይስ ቶርኖ ቤት?

ጠፋ ከማለት በፊት ፈልጉ። የዳሽቦርዱ ኪስ፣ የስኮርታው ጉድጓድ፣ የክሪኩ ከረጢት፣ የፖርታ ባጋሊዮው ምንጣፍ ስር፣ የሾፌሩ ወንበር ስር። መፍቻው ባይገኝም ቁጥር የታተመባት ትንሽ ካርድ ልትገኝ ትችላለች። እንደ አሜሪካው ማክጋርድ ያሉ ፋብሪካዎች ቁጥሩን ይዘው ተመሳሳዩን መፍቻ ይሠራሉ። የተሰበረው መፍቻ ጎኑ ላይም ብዙ ጊዜ ቁጥር ወይም ፊደል ተቀርጾበታል፤ ስለዚህ ስባሪውን አትጣሉት። ከዘዴዎች ሁሉ መኪናውን ፈጽሞ የማይጎዳው ይህ ነው። ጉድለቱ ጊዜ ነው፤ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ካልሆነ በቀር እቃው ጎንደር እስኪደርስ ሳምንታት ይሄዳሉ። ጎማችሁ ደህና ሆኖ መፍቻው መጥፋቱን አስቀድማችሁ ያወቃችሁ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም።

የመኪናው ወኪል ወይም ትልቅ ጋራዥ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው መፍቻዎች ስብስብ ሊኖረው ይችላል። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ መጠየቅ አይከፋም። ሊብሬያችሁን ያዙ፤ ጥሩ ጋራዥ መኪናው የእናንተ መሆኑን ሳያይ ቆላፊ ዳዶ አይፈታም፣ መሆንም ያለበት እንዲህ ነው።

ቶርኖ ቤት ማሠራት ብዙ ሰው የሚያስበው መንገድ ነው። የቦዩን ቅርጽ በሰም ወይም በልጆች መጫወቻ ጭቃ አትሞ ወስዶ፣ «ጋሼ፣ ይህን አይተው ሊሠሩልኝ ይችላሉ?» ማለት። ዳዶው ፊት ላይ ያሉት ጥቂት ክብ ቀዳዳዎች ወይም ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ከሆኑ ይሠራል። እንደ አበባ የተጠማዘዘ ቦይ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ያን ቅርጽ በትክክል ማውጣት ከባድ ነው፤ ቢወጣም ብረቱ በእሳት ካልጠነከረ ዳዶው ጠንካራ፣ መፍቻው ለስላሳ ይሆንና ጥርሱ እንደ ሰም ይታጠፋል። የቶርኖ ቤቱ ሰው «ይሄ አይሆንም ልጄ» ካሉ እመኗቸው።

ጠመዝማዛ ቡሶላ እና የሚመታ ቡሶላ

መፍቻው ጨርሶ ከሌለና ዳዶው ወጥ ከሆነ ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ለአብዛኛው ሰው የሚበቃውም ይህ ነው።

ጠመዝማዛ ቡሶላ ውስጡ ወደ ግራ የሚዞር ስለታም ጥርስ አለው። ዳዶው ላይ ጥቂት ተመትቶ ይገባል፣ ዳዶው ወደሚፈታበት አቅጣጫ ባዞራችሁት ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። ከ17 እስከ 21 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ የተለያዩ መጠኖች በአንድ ሳጥን ይሸጣሉ። አንድ ቡሶላ ደጋግሞ ይሠራል፣ ቸርኬውን አይነካም። ባይሳካ ደግሞ ዳዶው ውጭ ላይ ጥቂት ጭረት ይቀራል እንጂ ሌላ ዘዴ አይዘጋም። ጎሚስታው ዘንድ ካለ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ይህን እመርጣለሁ። ከሌለ መግዛቱ ለአንድ ሰው ውድ ቢመስልም ለጋራዥ የመጀመሪያው ደንበኛ ላይ ዋጋውን ይመልሳል። በየሰፈሩ ያሉት ጎሚስታዎቻችን አንድ አንድ ሳጥን ቢይዙ ስንት ቸርኬ ይተርፍ ነበር እላለሁ።

ሁለተኛው የድሮው ዘዴ ነው፦ ከዳዶው ጥቂት የሚጠብ አሥራ ሁለት ማዕዘን ቡሶላ መርጦ በመዶሻ መምታት። የዳዶውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 19ኙን ሞክሩ፤ በእጅ የሚገባ ከሆነ ሰፍቷል፣ ሦስት አራት ምት ተመትቶም ጫፉን ካልያዘ ጠቧል። ስድስት ማዕዘኑን አትጠቀሙ፤ አሥራ ሁለቱ ማዕዘን በብዙ ቦታ ስለሚነክስ የተሻለ ይይዛል። ቡሶላው አሮጌና የምትሰዉት ይሁን፤ ዳዶው ተፈትቶ እንኳ ውስጡ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከኋላ በብረት ዘንግ መትቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፤ የሚያብረቀርቀው ቡሶላ ሲመታ ሊሰነጠቅና ሊፈናጠር ይችላል። ምቱም ቀጥ ያለና ልከኛ ይሁን። በትልቅ መዶሻ ያለ ልክ መደብደብ የሞዞውን ኩሽኔታ ያቆስላል፤ ከወራት በኋላ ሲነዳ «ዉዉ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ያኔ ምክንያቱን ማንም አያስታውስም። ከገባ በኋላ ያው ነው፤ ረጅም እጀታ፣ ቀስ ያለ ጉልበት፣ አንድ ሰው ወደ ውስጥ ገፋ እያደረገ።

ከሁለቱ ስመርጥ፣ ጠመዝማዛው ካለ ጠመዝማዛው ነው። የሚመታው ቡሶላ በማንኛውም ጋራዥ ስለሚገኝ ግን በተግባር ብዙ ጊዜ የምንሄደው በእሱ ነው፤ ክፉ ምርጫም አይደለም። ልብ በሉ፣ ቡሶላው ሳይዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንሸራተተ የዳዶው ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። በዚያው አትቀጥሉ።

የሚሽከረከር ቀለበት ያለው ዳዶ ከሆነ ሁለቱም እንዳለ አይሠሩም። ቀለበቱ መጀመሪያ በመሮ ተሰንጥቆ መውጣት አለበት፤ ከዚያ ውስጠኛው እምብርት ላይ ያነሰ ቡሶላ ይመታል። ይህ ትዕግስት ይጠይቃል፣ ቸርኬውም ሊጫር ይችላል። ዳዶው ዙሪያ ቀጭን ቆርቆሮ አስገብቶ መሸፈን ይረዳል።

ብየዳ

ጎንደር ላይ በቅድሚያ የሚነገራችሁ ይህ ነው። በያጅ በየሰፈሩ ስላለ እንጂ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ አይመስለኝም። አሠራሩ ቆላፊው ፊት ላይ ተራ ዳዶ አስቀምጦ በውስጡ መበየድና፣ ያን ተራ ዳዶ በተለመደው መፍቻ ማዞር ነው። እውነቱን ለመናገር ዘዴው ኃይለኛ ነው። ሙቀቱ ራሱ ዝገቱን ያላቅቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረውንና ቀለበት ያለውን ዳዶ ሳይቀር ያወጣል። ለእነዚያ ለሁለቱ ዓይነቶች ቦታ አለው። ወጥ ለሆነ ዳዶ ግን ቡሶላ ሳይሞከር ብየዳ አላስነካም።

ምክንያቱን ላስረዳ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ የብየዳው ቅስት ከ3,000 ዲግሪ በላይ ነው። ሳይቀልጥ እንኳ ፋብሪካው በሙቀት ያጠነከረው የአሉሚኒየም ቸርኬ ያለ ልክ ሲግል ጥንካሬውን ያጣል፣ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። የኔ ቸርኬ የሄደው እንዲህ ነው። የብረት ቸርኬ ከሆነ ይህ ስጋት ይቀንሳል።

ከቸርኬው በላይ የማስበው ግን ሰውን ነው። ጎማ የታሰረበት ቸርኬ ለረጅም ጊዜ ሲግል ውስጡ ያለው ላስቲክ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ጎማው እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። አየሩ ወጥቶ እንኳ ይህ ሊሆን ይችላል። በዚህ የሞቱ ሠራተኞች በብዙ አገር አሉ። የጥቂት ሰከንድ ነጥብ ብየዳ ያን ያህል ሙቀት አያመጣም፤ ቢሆንም የቫልቩን የውስጥ መርፌ አውጥታችሁ አየሩን ጨርሳችሁ ካላስወጣችሁ ማንም ኤሌክትሮድ አያስነካ። በጋዝ እሳት ዳዶውን «እናግለው» የሚል ካለ አታስነኩ።

የግድ ብየዳ ከሆነ እነዚህን በያጁን ጠይቁት፣ ወይም ራሳችሁ አድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፍቱ። የብየዳውን መሬት ገመድ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ሻሲው ላይ፣ አታስሩ፤ እዚያው ጎማ ላይ ካለ ከሌላ ዳዶ ጋር ይያዝ። አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ኳሶቹን ያቃጥላል። ቸርኬውን በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፣ ውሃ አቅርቡ። ከተበየደ በኋላ ሞቅ እንዳለ ቶሎ ይፈታ። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ሳይኖር ብየዳን ከምርጫችሁ አውጡት።

ባይሳካስ? ብየዳው ተሰብሮ ከወጣ የዳዶው ቦይ በቀለጠ ብረት ተሞልቷል፣ ብረቱም ይበልጥ ጠንክሯል። መፍቻው ነገ ቢገኝ እንኳ አይገባም፣ ለመሰርሰርም አስቸጋሪ ነው። ዘግይቶ መምጣት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

መሰርሰር እና መሮ

መሰርሰር ለዳዶ የመጨረሻው ነው፤ ለብሎን ግን ከብየዳ ይቀድማል። ቮልስዋገን ወይም ፔጆ ከሆነ የብሎኑን ራስ መሐሉን በትክክል ነጥባችሁ፣ ከቀጭን ጀምራችሁ እያሰፋችሁ ስትሄዱ ራሱ ይቆረጣል። ቸርኬው ይወርዳል፣ የቀረው ግንድ ውጥረቱ ስለጠፋ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይዞራል። ዳዶ ከሆነ ግን ጠንካራውን ብረት አልፎ ከሞዞው የሚወጣውን ብሎን ጭምር መብላት ስለሚሆን ብሎኑም አብሮ ይቀየራል። ተራ መሰርሰሪያ ጫፍ እነዚህን ዳዶዎች አይበላም፤ የኮባልት ወይም የካርባይድ ጫፍ፣ ቀስ ያለ ዙርና ዘይት ያስፈልጋል። ለአንድ ዳዶ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

የዳዶውን ጠርዝ በመሮ ወደሚፈታበት አቅጣጫ መምታት አንዳንዴ ይሠራል። ቸርኬው አሮጌ የብረት ቸርኬ ካልሆነ ግን አልመክረውም።

ከተፈታ በኋላ

ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋ ስትነጋገሩ በዳዶ ነው በመኪና? ባይፈታስ ይከፈላል? ቸርኬው ቢጎዳስ? የሚሉትን ጠይቁ። አራቱንም ቆላፊ በአንድ ቀን አስፈቱ፤ አንዱን ፈትቶ ሦስቱን ማቆየት ያንኑ ችግር ለሌላ መንገድ ማስቀመጥ ነው።

ምትክ ዳዶ ስትገዙ ሁለት ነገር ይመሳሰል። አንዱ ጥርሱ ነው (የብሎኑ ውፍረትና ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር)፦ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ 12 በ1.5 ናቸው፣ ሱዙኪ ዲዛየር 12 በ1.25 ነው። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በጉልበት ካሰራችሁት ግን ብሎኑን ይበላል። ሌላው መቀመጫው ነው። ብዙ የቶዮታ ኦሪጅናል የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ፣ የብረት ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ። ሾጣጣውን በጠፍጣፋው ቦታ ካሰራችሁ የጠበቀ መስሎ ይላላል። ስለዚህ ከደህናዎቹ ዳዶዎች አንዱን ፈትታችሁ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል አትግዙ።

ጥርሱን በብረት ብሩሽ አጽዱ፣ ዘይት አትቀቡ፣ በመስቀል ተራ እሰሩ። ለቪትዝና ለኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የልክ መፍቻ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ በእሱ አስጠብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ይፈተሻል። ወደ ሊማሊሞ የምትወርዱ ከሆነ ደባርቅ ላይ ቁሙና፣ ቸርኬው ቀዝቀዝ ሲል አራቱንም ጎማ ዞራችሁ ዳዶዎቹን አንድ አንድ ጊዜ በመፍቻ ንኳቸው።